የሊሾው ወለል

በዚያ ዓመት የማስተምርበት አጸደ ሕፃናት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነበር። አሮጌ መኖሪያ ቤት ተከራይተው ነው ትምህርት ቤት ያደረጉት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል ወርዶ ግቢው ላይ ይተኛል። ልጆቹ በበሩ ሲገቡ መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል፣ ቀጥሎ ቦርሳቸው ይታያል፣ ፊታቸው የሚለየው አጠገቤ ሲደርሱ ነው።

የእኔ ክፍል የትንንሾቹ፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ክፍል ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ድሮ ጓሮ በነበረ ቦታ ላይ ግድግዳ ቆሞ፣ ቆርቆሮ ተመቶበት የተጨመረ ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ስንት ዘመን ከመወልወል የተነሣ እንደ ሳህን የለሰለሰ። ምንጣፍ ስለተነጠፈበት ግን ማንም ልብ አይለውም። ክፍሉ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀዘቅዝ ነበር። ከኮተቤ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ አልቦኝ እገባና ጥቂት ሳልቆይ ሹራቤን መልሼ እለብሳለሁ። ለምን እንደሚቀዘቅዝ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ያው እንጦጦ ነው ይለኛል።

ከማስተምረው ሁሉ የምወደው ልጆች ነገሮችን በእጃቸው እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ከጆንያ የሰፋሁት ከረጢት አለኝ። ውስጡ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥጥ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ የወንዝ ጠጠር አለ። ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ይከታል፣ ያገኘውን ሳያወጣ ይነግረናል፤ ሻካራ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ይጎረብጣል፣ ይወጋል። ከዚያ ወደ ወረቀት እንሄዳለን። ወረቀቱን ቅርፊቱ ላይ አድርገን በክሬዮን ጎን እናሸዋለን፤ እጃችን የዳሰሰው ነገር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሕጉ አንድ ነው። ከፍ ያለው ይጠቁራል፣ ዝቅ ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ይህን በዜማ ያወጡት ነበር።

ከመካከላቸው አንዲት ብዙ የማታወራ ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ከደቡብ የመጡ፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛው ገና አልተፍታታላትም። በከረጢቱ ጨዋታ ግን የሚደርስባት አልነበረም። ገና እጇን ስታስገባ ጣቶቿ ይረጋጋሉ፣ ፊቷ የሰማ ሰው ፊት ይሆናል፤ ከዚያ አንድ ቃል ትናገርና እጇን ታወጣለች። ሁሌም ልክ ናት። አንድ ሌላም ልማድ ነበራት። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሲጫወቱ እሷ መሐል ላይ በሆዷ ተኝታ ጉንጯን መሬት ላይ ታሳርፋለች። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ስንቴ አንስቻታለሁ። ዞር ስል ተመልሳ እዚያው ትተኛለች።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ከፋሲካ ዕረፍት ስንመለስ፣ ጣሪያው አፍስሶ ምንጣፉ ረጥቦ አገኘነው። አውጥተን አጥር ላይ ብናሰጣውም ፀሐይ ስለጠፋ ሳይደርቅ ሰነበተ። ወለሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ራቁቱን ታየ። ለወላጆች ቀን ልጆቹ በጋራ የሚሠሩት አንድ ትልቅ ነገር እንዲኖራቸው ስፈልግ ነበር፤ ውጪው ካፊያ ስለሆነ ዛፎቹ ጋ መሄድ አልቻልንም። ስለዚህ ትልልቅ ወረቀቶች በፕላስተር አያያዝኩና የክፍሉን መሐል በሙሉ አለበስኩት። ለሁሉም ጥቁርና ሰማያዊ ክሬዮን አደልኩና እሹ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ምንም ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሊሾ እኮ ነው። ለስላሳ ነገር ምልክት እንደማይሰጥ ያያሉ፣ ያም ትምህርት ነው ብዬ ነው።

ልጆች በሥራ ሲመሰጡ ዝም ማለታቸውን አውቀዋለሁ። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው ያሻሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የክሬዮኖቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ቆሜ ስሰማ ግን ድምፁ በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም። ዳር ዳር ያሉት ሲያሹ ደረቅ ነው፤ መሐል ያሉት ሲያሹ ግን ከሥራቸው የሚመልስ ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከበሮ በጥፍር ሲቧጠጥ እንደሚሰጠው ያለ። ጆሮዬ ነው አልኩ።

ያቺ ልጅ መሐሉን ይዛለች። እንደ ልማዷ ጉንጯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየችና ተነሥታ ቀስ ብላ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማሸት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ እጅ አለ።»

የራሷን እጅ አስቀምጣ በዙሪያው የሣለች መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን አልሣለችም። ካሸችው ጥቁረት ውስጥ ጣቶች ወጥተዋል፤ ገና ሁለትና ሦስት ጣት ብቻ። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ ከሥሩ ያለውን ወለል ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም የለበትም። ለልጆቹ ሁሌ እንደማደርገው ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ ብዬ ጠየቅኋት።

«አሁን ለስላሳ ነው» አለችኝ።

ልጅ ናት፣ ቃል ያጥራታል፤ ስለዚህ «አሁን» ያለችውን ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ትዝ ያለኝ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው።

ልጆቹን ወላጆቻቸው ከወሰዷቸው በኋላ ወረቀቱን ሳይነጣጠል አንሥቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አሥር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጉሙ እንደገና መውረድ ጀምሯል። የመጨረሻውን ፕላስተር ለጥፌ፣ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ በሩ ሄድኩና ዞርኩ።

ክብ ነበር።

ቅርብ ሆኖ ለሚያይ የሕፃናት ጭረት ነው። ከበሩ ሆኖ ለሚያይ ግን አንድ ሰው እጁን ግራና ቀኝ ቢዘረጋ የሚያክል፣ ማንም ያልሣለው፣ ሙሉ ክብ ነው። አንዱ ልጅ ጀምሮት፣ ሌላው ሳያውቅ ተቀብሎት፣ ሦስተኛው ጨርሶታል። ክቡ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች አሉ፤ የጣውላ ድርድር መሆኑ ያስታውቃል። ከመሐሉ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ እጁ አለ። ልጅቷ ጨርሳዋለች። አምስት ጣት፣ መዳፍ፣ እስከ አንጓው ድረስ።

ከዚያ ጫማዬን አወለቅሁና ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ክቡ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ በሁለት እጄ ዳሰስኩት። ሃያ ምናምን ሕፃን መዳሰስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ እጄ ምንም አላገኘም። በጣቴ አጥንት ሳንኳኳ ግን ዳር ላይ ዝም የሚለው ወለል መሐል ላይ መለሰልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ወደ መሐል ሳላስጠጋ ግድግዳ ግድግዳውን አስቀመጥኳቸው። ርዕሰ መምህሯ መጥታ አየችና በጣም ወደደችው፤ የድሮ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ይሆናል፣ የቤቱን ባለቤት ጠይቂያቸው አለችኝ።

የቤቱ ባለቤት በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ ውጭ ስለሚኖሩ ትልቁን ቤት አከራይተው እሳቸው ግቢው ጥግ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው የሚኖሩት። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በየጠዋቱ በራቸው ላይ ቆመው ልጆቹን እየሳሙ ያስገባሉ። የእኔ ክፍል ግን እኔ እስከማውቀው አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ጨዋነት ነበር የሚመስለኝ።

ልጆቹ የሠሩትን ላሳይዎት ብዬ ስጠራቸው በደስታ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዐይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

«ይህን ማን ሣለው?»

«አልተሣለም እማማ፣ ወለሉ ነው» አልኳቸው። ልጆቹ እንዴት እንዳሹት፣ ወረቀት በእጅ የማይገኘውን ነገር እንኳ እንደሚያወጣ አስረዳኋቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዳር ዳሩን ዞረው ገቡና ከሕፃናቱ ወንበሮች አንዷ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ እየቆዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ይህ ክፍል ጓሮ በነበረበት ጊዜ አባታቸው ያስቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ ነበር። ጥልቅ ነው፤ ከላይ የእንጨት ክዳን ነበረው። እሳቸው ትልቋ ልጅ ስለነበሩ ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው። ታናሽ እህት ነበረቻቸው፣ እነዚህን ልጆች የምታክል። አንድ ክረምት ትንሿ ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ማን ክዳኑን ከፍቶ እንደተወው እስካሁን አይታወቅም። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጮህ ሌሎቹን ልጆች እንዳያዩ ብለው ሰው ቤት ወሰዷቸው፤ ሲመለሱ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ወጥታለች፣ እላይ እንጦጦ ማርያም ተቀብራለች ተባሉ። አባትየው ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልቼዋለሁ አሉ፣ በላዩ ሳንቃ ደረደሩ፣ በሳንቃው ላይ ሲሚንቶ አፈሰሱ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስሟ አልተጠራም።

«ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ መጥቼ እጄን አሳረፍኩበት» አሉኝ። «ደህና ሁኚ ለማለት ነው። አባባ አየኝ። ማለስለሻውን አነሣና በላዩ አለፈበት። ተደምስሷል ብዬ ነበር እኮ።»

ተነሥተው ወደ ወረቀቱ ተጠጉ። ሥዕሉን ላለመንካት እየተጠነቀቁ እጃቸውን አጠገቡ አደረጉ። አለቀሱ ብዬ ነበር፣ ግን አላለቀሱም። ግንባራቸው ብቻ ቀስ በቀስ ተቋጠረ።

«እኔ ያኔ ባልዲ የምሸከም ልጅ ነበርኩ» አሉ። «እጄ እንዲህ ትንሽ አልነበረም።»

እኔን ከትናንት ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተጫነ እጅ ይጎደጉዳል። የጎደጎደ ነገር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያ እጅ ግን ከጣቶቹ ጫፍ እስከ አንጓው ድረስ ጥቁር ነበር። ወደ ታች የተጫነ አልነበረም፤ ወደ ላይ የወጣ እጅ ነው። ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ያን ዕለት ክፍሉን ዘግተን ልጆቹን ወደ ፊተኛው ሳሎን አዛወርናቸው። ቅዳሜ ታላቅ ወንድሜን ጠራሁት። መሐንዲስ ነው፣ ያኔ አያት አካባቢ ሕንፃ ያሠራ ነበር። እየሳቀ ነው የገባው። በመዶሻው ጫፍ ከግድግዳው ጀምሮ ወደ መሐል እያንኳኳ ሄደ፤ መሐሉ ላይ ሳይደርስ ሳቁን ተወ። ወደ ዳር ተመልሶ በደረቱ ተኛና እጁን ዘርግቶ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ጀመረ። ብዙም ሳይገፋ መሰርሰሪያው ስልት ብሎ ገባ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ እንደ እርጥብ ትምባሆ ያለ ጥቁር ነገር ተጣብቆበታል። ሳንቃው ነው።

«ውፍረቱ አውራ ጣት አያክልም» አለኝ። «ልጆቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

እዚያው መሐል ላይ አልኩት።

«የሚዘሉትስ?»

በየጠዋቱ እየዘመርን የምንዘለው እዚያው ላይ ነበር። እኔም አብሬያቸው። መልሴን ሳይጠብቅ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ሳበኝ፤ እኔ ግን ድሮውንም ግድግዳው ሥር ነበርኩ።

ውጪ ወጥተን አየር ስንወስድ ስለ እጁ ነገርኩት፣ ወረቀቱንም አሳየሁት። ብዙ አሰበበት። የእማማ አባት በማለስለሻ ሲያልፉበት ጎድጓዳውን የሞላው ሲሚንቶ የበዛበት ምርጥ ቡኮ ይሆናል፤ ከዘመን ብዛት ዙሪያው በእግርና በመወልወያ ሲበላ ያ ጠንካራው ሳይበላ ከፍ ብሎ ቀርቶ ነው አለኝ። ትንሽ የሆነውም ማለስለሻው ዳር ዳሩን ስለደፈነው ነው። አሳማኝ ነው። ዛሬም የማምነው እሱን ነው፣ ቀን ቀን።

ከወረዳ ሰዎች መጥተው አዩና ይከፈት አሉ። እማማ በሩ ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ግቡ ቢሏቸው አልገቡም፣ ይሂዱ ቢሏቸው አልሄዱም። ሠራተኛው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ በረጅም ዲጂኖ መታው። ብዙ መምታት አላስፈለገውም። ክቡ ወረቀቱ ላይ እንደወጣው ሆኖ፣ ያው ልክ፣ ከወለሉ ተለየና ወደ ውስጥ ሄደ። የሚያሳርፈው ነገር እስኪያገኝ ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ የውሃ ድምፅ ሰማን። ወዲያው ከታች ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጣና የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል አላበው።

ድንጋይ አልተሞላበትም ነበር። እማማ የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንጋይ ሞልቼበታለሁ ብሎኝ ነበር አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ለራሳቸው የሚያስረዱ ዓይነት ነበር። መብራት በገመድ አውርደው አዩት። በድንጋይ የተካበ ግድግዳ፣ ጥቁር ውሃ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እማማ ቄስ አስጠርተው ጸሎት ተደረገበት፣ ጠበል ተረጨ። ከዚያ መኪና እየተመላለሰ ድንጋይና አፈር ገለበጠ፤ እስኪሞላ ያላሰብነውን ያህል ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ወለሉ እንዳዲስ በብረት ተሠርቶ ሴራሚክ ተነጠፈበት።

ልጆቹን መልሼ ያስገባሁ ቀን ሁሉም በአዲሱ ወለል ላይ በካልሲ ሊንሸራተቱ ተሯሯጡ። ያቺ ልጅ ብቻ በሩ ላይ ቆማ እጄን ያዘች። መሐሉን ስታይ ቆየችና ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ተዘጋባት?»

ተዘጋ ወይ ማለቷ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አማርኛዋ ገና ነው፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች ትናገራለች። አዎ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባበትም አልኳት። እጄን ለቃ ገባች። መሬት ላይ ጉንጯን አሳርፋ ስትተኛ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ትምህርት ሊዘጋ አካባቢ እማማ ወደ እንጦጦ አብሬያቸው እንድወጣ ለመኑኝ። ወረቀትና ክሬዮን እንድይዝ ጭምር ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። የእህታቸውን መቃብር አይተውት አያውቁም፤ የት እንደሆነ የነገራቸውም የለም፤ የጠየቁም አይመስለኝም።

ጠዋት ወጣን። እላይ ጉሙ ዛፉን ከወገቡ በላይ ቆርጦታል። ካህናቱ አንድ አዛውንት ሰጡን፤ እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ጽድ ሥር ወዳለ ቦታ ወሰዱን። የድሮ የልጆች መቃብር እዚህ ነበር፣ ከዚህ ሌላ አላውቅም ብለው ተመለሱ። ትንንሽ ድንጋዮች፣ የድንጋይ ሽበት ያበቀሉ፣ ዝናብ ፊታቸውን የበላቸው። በዐይን የሚነበብ አንድም ጽሑፍ የለም። እማማ በየድንጋዩ ፊት እየቆሙ፣ በዘንጋቸው ቅጠሉን ገለል እያደረጉ ሄዱና አንዱ ላይ ይህን ሞክሪልኝ አሉኝ። ለምን እሱን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም።

ተንበርክኬ ወረቀቱን አለበስኩትና ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ የመስቀል ክንድ የሚመስል ነገር ወጣ፣ ከሥሩ ደግሞ ሽበቱ ያበላሸው ጭረት፣ ከዚያ አንድ ፊደል። አንድ ብቻ፣ ጥርት ያለ፣ ነጭ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ፈርሷል። እማማ ጎንበስ ብለው አዩት።

«እሷ ናት» አሉ። «ስሟ በዚህ ነው የሚጀምረው። ይበቃኛል።»

በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም ብዙ ነው። ጎኑ ያለውንም ድንጋይ ላሸው ብዬ ወረቀት መዝዤ ነበር፤ ትከሻዬን ያዝ አድርገው አስቆሙኝ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ ሳያጥፉት ጠቀለሉትና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ድንጋዩን በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች ጠራረጉት፣ የልጅ ፊት እንደሚጠረግ።

ስንመለስ መንገዱ ስለሚያዳልጥ ክንዴን ይዘው በዝግታ ወረድን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ማውራት ጀመሩ። እህታቸው ዶሮ ትፈራ ነበር። ፀጉሯን ልትሠራ ስትጠራ አልጋ ሥር ትገባለች፣ እግሯን ይዘው ነው የሚጎትቷት። ሰማያዊ ኮፍያ ነበራት፣ ስትተኛም አታወልቀውም። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ መኪናው ገና አልሞላም ነበር፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሰው እስኪመጣ ድረስ፣ እህታቸው ስኳር ሰርቃ የት የት ትደብቅ እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ።